መልስ፦ የወር ሪፖርቱ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ፖስትግሬስን እንተወው ወይ?

ወንድሜ፣ ከጅቡቲ የሚገባውን ጭነት የምትመዘግቡበት ሰንጠረዥ 200 ሚሊዮን ረድፍ ደርሶ የወር ሪፖርቱ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ፖስትግሬስን (ዳታቤዛችሁን) እንተወው ወይ ብለሃል። ኧረ ገና ነው!

መጀመሪያ ኩዌሪውን (ሪፖርቱን የሚያወጣውን የዳታቤዝ ጥያቄ) በኤክስፕሌይን አናላይዝ አስኪደው፤ እያንዳንዱ እርምጃ እንዴት እንደተሠራና ስንት ጊዜ እንደፈጀ ያሳይሃል። «ኤክስተርናል መርጅ» የሚል ካየህ፣ ድርደራው ራም አልበቃው ብሎ ዲስክ ላይ ወርዷል። ወርክ ሜም፣ ማለትም ለአንድ ድርደራ የሚፈቀደው ራም፣ ካልነካኸው 4 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሪፖርቱን ለሚያወጣው ሴሽን (ግንኙነት) ብቻ 256 ሜጋባይት አድርገው። ለሁሉም እንዳታደርገው፤ አንዱ ኩዌሪ ያንኑ መጠን ደጋግሞ ሊወስድ ይችላል። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ለሁሉም ከፍ አድርጌው ሰርቨሩ በጠራራ ፀሐይ ወደቀ። ሰው ሁሉ በድሬ ሙቀት አመካኘ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ዋናው ነገር ግን ሰንጠረዡን በቀን መከፋፈል፣ ማለትም ፓርቲሽን ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ስሪት 10 ጀምሮ ቀላል ሆኗል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ጣጣ አለ። ሪፖርታችሁ በኢትዮጵያ ወር ነው አይደል? ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ጃንዋሪ 9፣ 2025 ነው። በፈረንጅ ወር ከከፈልከው የጥር ሪፖርት ሁለት ክፍል ይነካል። ስለዚህ ወሰኑን በእኛ ወር መጀመሪያ ላይ አድርገው፤ ፖስትግሬስ ግድ የለውም። ቀን የሚቀይር ፈንክሽን ግን ዌር ውስጥ (ኩዌሪው ረድፍ የሚመርጥበት ሁኔታ ላይ) የቀኑ ዓምድ ላይ አትጫን፤ ከጫንክ ሁሉንም ክፍል ያነባል።

መዝገቡ በቀን ቅደም ተከተል የሚገባ ከሆነ ብሪን ኢንዴክስ (የየክልሉን ትንሹንና ትልቁን ቀን ብቻ የሚይዝ ማውጫ) ጨምርበት፤ ቦታ አይፈጅም። ሲተስ የሚባለውን የፖስትግሬስ ተጨማሪ ጭነህ ሰንጠረዡን በብዙ ሰርቨር ማከፋፈሉ አንዱ ማሽን ሲያቅተው ነው። የኤክስፕሌይኑን ውጤት ለጥፍልንና አብረን እንየው።