ታጣፊ ሥዕል ወይስ ተጣጣፊ?

ጥያቄ፦ «በሁለት ሳንቃ ላይ ተሥሎ በክር የተያያዘ፣ እንደ መጽሐፍ የሚዘጋ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አለ። አንዱ ተጣጣፊ፣ አንዱ ድርብ፣ ሌላው ዲፕቲክ ይለዋል። የቱ ነው ትክክሉ?» (ከሞጣ፣ ጎጃም)

መልስ፦ ታጣፊ ሥዕል ቢባል እመርጣለሁ። «ድርብ» አይሆንም። ደረበ ማለት አነባበረ፣ በላይ በላዩ አደረገ ነው፤ ድርብ ሥዕል ሲባል በአሮጌው ቀለም ላይ ሌላ የተቀባበት ይመስላል።

አማርኛ ስም ስለሌለው ዲፕቲክን መዋስ ግድ ነው የሚሉ አሉ። በጎጃም ቅኔ ቤት ግስ የወረደ፣ ማለት የግእዝን ግሶች ያጠና ተማሪ ይህን አይቀበላቸውም። ግእዙ ዐጸፈ ነው፤ ጽፍር ጥፍር፣ ጸጒር ጠጒር እንደ ሆነ ሁሉ ዐጸፈም ዐጠፈ ሆነ። መጎናጸፊያው ዐጽፍ የዚሁ ዘር ነው። እጥፍ ደግሞ መታጠፍንም ሁለትነትንም ባንድ ይዟል፤ «እጥፍ ዋጋ» ስንል ሁለት የሚል ቃል አንጨምርም። የግሪኩ ዲፕቲኮንም በሁለት የታጠፈ ማለት እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም።

ዲፕቲኮን በጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ዘንድ ውስጡ ጎድጎድ ብሎ ሰም የፈሰሰበት ጥንድ የጽሕፈት ሰሌዳ ነበር። ሲዘጋ ጽሑፉ እንዳይፋቅ ጠርዙ ከፍ ይላል። የእኛም ሥዕል ክፈፍ ሥራው ይኸው ነው፦ ክፈፉ ዝቅ ካለ ሁለቱ ገጾች ይፋተጉና ቀለሙ ይላጣል። የክሩ ቀዳዳ ወደ ዳር ከተጠጋ ሳንቃው ይሰነጠቃል፤ ክሩ ከተወጠረም ገጽ ለገጽ አይገጥምም። ብዙ ጊዜ በአንዱ ገጽ እመቤታችን ከነልጇ፣ በሌላው ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ይሣላሉ። በለንደን ናሽናል ጋለሪ ባለው፣ በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በተሣለው የዊልተን ታጣፊ ሥዕልም በግራው ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ተንበርክኮ፣ በቀኙ እመቤታችን ከመላእክት ጋር አለች፤ ሲታጠፍ ለማኙና ተለማኟ ይገናኛሉ። ስለዚህ መታጠፉን የማይናገር ስም የሥዕሉን ትርጉም ያጎድላል።

ተጣጣፊስ? ታጠፈ ተራ ተገብሮ ነው፤ ተጣጠፈ ደጋጋሚ ግስ ነው። እግሩም ወገቡም የሚታጠፍ አልጋ ተጣጣፊ መባሉ ተገቢ ነው። ባለ ሦስት ሳንቃው ሥዕልም ግራና ቀኙ በየተራ በመካከለኛው ላይ ስለሚታጠፍ ተጣጣፊ ቢባል ያምርበታል። ባለ ሁለቱ ግን አንዴ ታጥፎ ያበቃል። ገበያው ወንበሩንም ሥዕሉንም ተጣጣፊ ብሎ ለምዶታል፤ ሰው ሁሉ የተግባባበትን ስሕተት ነው ብዬ ልከለክል አልችልም፣ ለጆሮዬ ግን ዛሬም ይከብደኛል።

የዛሬ ሠዓሊያን ጎን ለጎን የሚሰቅሏቸውን ሁለት ሸራዎች ዲፕቲክ ይላሉ። ማጠፊያ የላቸውምና ታጣፊ አይባሉም፤ ጥንድ ሥዕል ይበሏቸው።