የበዓል ቀን ጥያቄዎች፦ በርበሬ፣ ኮሶና የአያት ሜዳልያ

ሚያዝያ 27 መንገዱ ጭር፣ ሱቁ ዝግ ሆኖ በመዋሉ ይመስላል፣ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ጎረቤታሞች ቡና ላይ የተከራከሩባቸው ናቸው።

ይህ በዓል ከዓድዋ በምን ይለያል?

ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ሚያዝያ 27 ደግሞ ፋሺስት አዲስ አበባ በገባ ልክ በ5 ዓመቱ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ወደ ከተማዋ የተመለሱበት ዕለት ነው። ጠያቂዬ የአራት ኪሎ ሰው ሆነው ይህን መጠየቃቸው ትንሽ አስገርሞኛል፤ አደባባዩ ስሙ ራሱ ሚያዝያ 27 ነውና።

ለሁለት ሰው የሚሠራ ዶሮም 12 ቦታ ይገነጠላል?

አዎን።

የአክሱም ነገሥታት ዶሮ ወጥ ይበሉ ነበር?

አንባቢዬ እንደሚሉት፣ ጡረታ የወጡት መምህር ጎረቤታቸው «ይበሉ ነበር፤ የዓድዋ ዘማችም በልቶታል» ብለው በአቦል የጀመሩት ክርክር በረካ ተቀድቶም አልተቋጨም።

ዶሮውን እተውላቸዋለሁ፤ ቀዩን ወጥ ግን አልቀበልም። በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በሌላው ዓለም የተሠራጨው ከ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ስለሆነ፣ ኃይሉ በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የደከመው አክሱም ሊቀምሰው አይችልም። ኮረሪማ የአገራችን ጫካ ፍሬ ነው፤ ቁንዶ በርበሬም በባሕር ንግድ ይመጣ ነበር። በየግቢው ጆንያ ላይ ተሰጥቶ መንደሩን የሚያስነጥሰው ቀዩ ዛላ ግን እንግዳ ነው፤ እንግድነቱን ያስረሳን በድልህና በአዋዜ ቤተኛ በመሆኑ ነው። በቆሎን እንኳ አያቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ሲሉት ከባሕር ማዶ መምጣቱን በስሙ መዝግበውልናል። እኔን ብትጠይቁኝ መሶቡ ዳር ተገፍቶ የሚቀመጠው አልጫ ታላቅ ወንድም ነው፤ እርዱ ከእስያ መምጣቱን ካለፍንለት።

የዓድዋው ዕለት ደግሞ በዐቢይ ጾም ውስጥ የዋለ እሑድ ነበር። መምህሩ ለዘማቹ ስንቅ በሶና ቆሎ ይቋጥሩለት፤ ዶሮውን ለፋሲካ ያቆዩት።

«አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ በልተው ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ምን ሆኑ?»

ኮሶ የጠጡት ትሉ ስለያዛቸው ነው፤ መልሱ ጥያቄው ውስጥ አለ። በሥጋው ውስጥ ያለውን የትሉን እጭ የሚገድለው በደንብ የሚያበስል እሳት ነው እንጂ አዋዜም አረቄም አይደለም። ካዛንቺስ ያሉት ጠያቂዬ ኮሶ ቀቅለው ለነፍሰ ጡር እኅታቸው ሊሰጡ እንዳሰቡ ጽፈዋል፤ እባክዎ ይተዉት። የቤት ኮሶ መጠኑ አይታወቅም፤ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል፣ ጽንስም ያስወርዳል። ነገ ጠዋት እኅትዎን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ሰገራ ይመርመሩ፤ መድኃኒቱን ሐኪም ይዘዝላቸው። ይህን ለወጉ ያህል አልጻፍኩትም።

የአያቴ ሜዳልያ የአርበኛ ነው ወይስ የገበያ?

ባለሙያ ይየው፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ቅርብዎ ነው። እስከዚያው ግን ጎረቤትዎ እንደመከርዎት በአመድና በሎሚ እንዳያሹት።