ከአጨዳ በኋላ የሚባክነውን እህል ማዳን

ጥያቄዎ የግብርና ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2050 ወደ 9.7 ቢሊዮን ይደርሳል ተብሎ የሚገመተውን የዓለም ሕዝብ በመመገብ ረገድ ምን ሊያግዙ ይችላሉ የሚል ነው። ብዙዎች ድሮንንና ምርጥ ዘርን ያነሳሉ፤ እኔ ግን ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ጎተራ የገባው እህል እንዳይባክን ማድረግ ነው ባይ ነኝ።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ለጥራጥሬ ማከማቻነት ያዘጋጁትና ዛሬ በኢትዮጵያም ለበቆሎ የሚያገለግለው ፒክስ የተባለው ከረጢት ነው። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች በአንድ ጆንያ ውስጥ ተደርበው አፋቸው ለየብቻ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና መብላትም መራባትም ያቆማል፤ ገበሬውም እህሉን ያለ ፀረ ተባይ ኬሚካል አቆይቶ፣ በአጨዳ ሰሞን በርካሽ ከመሸጥ ይድናል። በደንብ ያልደረቀ እህል ግን በዚሁ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል።

ስለዚህ ኩባንያዎቹ ከረጢቱን ብቻ ሳይሆን፣ አነስተኛ ገበሬ ሊገዛው ወይም በማኅበሩ በኩል ሊዋሰው የሚችል የእርጥበት መለኪያ አብረው ቢያቀርቡ እጅግ ይጠቅማሉ። በኢትዮጵያ ለገበሬዎች የግብርና ምክር እንደሚሰጠው 8028 ያለ ነፃ የስልክ መስመርም ማንበብ ለማይችል ገበሬ ጭምር የአያያዙን ምክር በራሱ ቋንቋ ማድረስ ይችላል።