«እየተመረመሩ ነው» ሲባል የት?

ጥያቄ፦ ፒያሳ በሚገኝ የትርጉም ቤት እሠራለሁ። «ኢንቬስቲጌት» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ዘወትር «መረመረ» ብለን እንተረጉመዋለን። ትክክል ነው? ቃሉስ ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦ ቃሉ ከላቲን የተወረሰ ሲሆን፣ ሥሩ የእግር ዱካ ማለት የሆነው «ቬስቲጊዩም» ነው፤ ስለዚህ በጥንተ ትርጉሙ ዱካ ተከትሎ ማደንን ያመለክታል። በዚህ ረገድ የሚቀርበው የእኛ ግስ «ፈለገ» ነበር፤ «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» ስንል ያው ዱካው አለና። ነገር ግን «ፈለገ» ዛሬ ወደ መሻት ስላዘነበለ ለሕግ ሰነድ አይመችም።

«መረመረ» ከግእዙ «መርመረ» ጋር አንድ ነው፤ ዱካ መከተልን ሳይሆን የቀረበን ነገር ውስጡን ጠልቆ ማየትን ይገልጻል። ሐኪምም ፖሊስም የሚመረምሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ትርጉማችሁም የሚደናቀፈው እዚሁ ላይ ነው። «ሥራ አስኪያጁ እየተመረመሩ ነው» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ሰውየው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተኝተው ይሁን ፖሊስ ጣቢያ ቀርበው አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። እንግሊዝኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰውየው ገና ሳይጠሩ፣ ሰነዳቸው ብቻ እየታየ ሳለ ሊነገር ይችላል። አማርኛ ለዚህ ያዘጋጀው መፍትሔ ትንሽ ቅጥያ ነው፦ «ምርመራ ተደረገላቸው» ሲባል ሕክምናው፣ «ምርመራ ተጀመረባቸው» ሲባል ጥርጣሬው ይታወቃል። ይህን የመሰለ የ«ለ» እና የ«በ» ጥበብ እያለን እንግሊዝኛውን ቃል በቃል መከተላችን ያሳዝነኛል።

የዕውቀት ፍለጋ ከሆነ «ተመራመረ» ይባላል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በስሙ «ምርምር» ሲል፣ ፖሊስ ግን መዝገቡን «የምርመራ መዝገብ» ይለዋል፤ «ተመራማሪ ፖሊስ» የሚል ሰው አልሰማሁም። አንድ አቤቱታ እውነት መሆን አለመሆኑ ብቻ የሚታይ ከሆነ «ማጣራት» ይበቃል። የአገር ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛ የሚያወጣበት የቀድሞው «አውጫጪኝ» ግን ራሱን የቻለ ሥርዓት ስለሆነ፣ ለታሪክ ጽሑፍ ካልሆነ በቀር ለዘመናዊ ሰነድ አይወሰድም።

በመሆኑም የሚመረመረው ሰው በሆነበት ዐረፍተ ነገር ሁሉ «በእሳቸው ላይ ምርመራ እየተካሄደ ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ የሚመረመረው ሒሳብ ወይም ሰነድ ከሆነ ግን «መረመረ» ያለ ምንም ማሻሻያ ይሄዳል።