ታይዋን ሱቅ ከመከራየትሽ በፊት

ጥያቄሽ ደርሶኛል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ቤተሰቦችሽ እዚያው ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ይኖራሉ። ዱባይ ያሉት አክስትሽ 40,000 ብር ልከውልሻል። ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ውስጥ ጠበብ ያለች ሱቅ አይተሽ የሴት ልብስና ጫማ ልትሸጪባት አስበሻል፤ ብሩ ካልበቃ ደግሞ ከማይክሮ ፋይናንስ ልትበደሪ ነው። የክፍል ጓደኛሽ "ልብሱን ተዪው፣ ጁስ ቤት እንክፈት" ትልሻለች። እናትሽ በበኩላቸው መጀመሪያ ተመረቂ ብለዋል። የማንን ልስማ ነው ያልሽኝ።

ንግዱን ጀምሪ፤ ሱቁን ግን አትከራዪ። አክስትሽ የላኩት ብርም ለጊዜው ከባንክ አይውጣ። ለምን እንደሆነ በዝርዝር ልንገርሽ።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራ። ኪራዩ በወር 8,000 ብር ነው እንበል። አከራዩ የሦስት ወር ቅድሚያ ከጠየቀሽ 24,000 ብር በሩን ሳትከፍቺ ሄደ። ለመደርደሪያ፣ ለመስቀያና ለመስታወት 4,000 ብር ቢወጣ ለዕቃ የሚተርፍሽ 12,000 ነው። አንዱን ቀሚስ በ800 ብር ብትገዢ 15 ቀሚስ ማለት ነው። 15 ቀሚስ ብቻ የተሰቀለበት ሱቅ የገባች ገዢ ቁጥርና ቀለም አማርጣ መግዛት ስለማትችል አይታ ትወጣለች። አሁን ደግሞ በትርፉ በኩል እንየው። ቀሚሱን በ1,000 ብትሸጪ 200 ብር ታተርፊያለሽ። የወሩን ኪራይ ለመሸፈን ብቻ 40 ቀሚስ መሸጥ አለብሽ። ያሉሽን 15 ሸጠሽ፣ እንደገና ገዝተሽ፣ እንደገና ሸጠሽ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ዙር ያህል ማዞር ይጠበቅብሻል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ድካም ደግሞ ለአከራዩ ነው፤ ለአንቺ ገና አንድ ብር አልገባም። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው። ቦታው ድረስ ሄደሽ እውነተኛውን ዋጋ ጠይቂና በእነሱ ቦታ አስገቢ። ስሌቱን ግን እንዳትዘይው።

ሌላም ነገር አለ፤ ሰዓቱ። ድሬ ውስጥ ያደግሽ ስለሆነ የከተማውን ጠባይ ታውቂዋለሽ። ገበያው የሚሞቀው ጠዋትና ፀሐዩ ሲበርድ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሙቀቱ ሰውን ቤቱ ያስገባዋል፤ ብዙው ሱቅም ይዘጋል። አንቺ ደግሞ ጠዋት ክፍል ነሽ። ስለዚህ ሱቅሽ ውስጥ መቀመጥ የምትችዪው በአብዛኛው ገዢ በሌለበት ሰዓት ነው። ለቀሪው ጊዜ ሠራተኛ ልትቀጥሪ ነው፤ ደመወዙም ከዚያችው 200 ብር ትርፍ ላይ ይወጣል።

አንቺ እጅ ያለውን ግን ታይዋን ያሉት ነጋዴዎች አላገኙትም። ግቢ ውስጥ ነሽ። ከሌላ ክልል የመጡ፣ ገበያውን የማያውቁ፣ ዋጋ ሲጠሩባቸው የሚደነግጡ፣ ከጥናት ተነሥተው ባጃጅ ቀያይረው ከተማ መውጣት የሚታክታቸው ብዙ ሴት ተማሪዎች በየቀኑ አብረውሽ ይውላሉ። ምን እንደሚወዱ፣ ስንት መክፈል እንደሚችሉ፣ ብር መቼ እንደሚላክላቸው ካንቺ በላይ የሚያውቅ ነጋዴ የለም። መጀመሪያ የምትነግጂው በዚህ ዕውቀትሽ ይሁን።

እንዲህ አድርጊ። ንግድ ፈቃድ ያለው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ ቢቻል ቤተሰብሽ የሚያውቀው አንድ የልብስ ነጋዴ ፈልጊ። በታይዋን ብቻ ሳትወሰኚ አሸዋ ገበያም ዞረሽ ጠይቂ። "ዕቃህን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለግቢ ተማሪዎች ላሳይ፤ በተሸጠው ልክ ኮሚሽን ስጠኝ" በዪው። ገዢዋ በቴሌብር ለእሱ ትከፍላለች፣ ደረሰኙ የእሱ ነው፣ አንቺ የእሱ ሻጭ ነሽ። ለእሱ ያለ ተጨማሪ ኪራይ ግቢ ውስጥ ገበያ ተከፈተለት ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄሽ ውለታ መለመን አይደለም፣ ቀና ብለሽ ተነጋገሪ። ከመጀመርሽ በፊት አራት ነገር በወረቀት ላይ ይስፈር፤ ዋጋውን ማን እንደሚቆርጥ፣ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈልሽ፣ ልክ ያልሆነ ልብስ በስንት ቀን እንደሚቀየር፣ በመንገድ ላይ የተበላሸ ዕቃ በማን ላይ እንደሚቆጠር። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ሰውየው የአባትሽ ወዳጅ ቢሆንም ፈርሙበት።

አንድ ደብተር ያዢ። የተሸጠውን መጻፍሽ አይቀርም፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ተጠይቆ ያልተገኘው ነው። ቁጥር 41 ጫማ ጠይቃ ያጣችውን፣ ለፕሬዘንቴሽን የሚሆን ጥቁር ሱሪ የፈለገችውን፣ እጅጌው ረጅም ሆኖ ለድሬ ሙቀት የሚስማማ ስስ ቀሚስ ያለችውን ሁሉ ከነቀኑ መዝግቢ። አንድ ሴሚስተር እንዲህ ከጻፍሽ 40,000 ብሩን በምን ላይ ማዋል እንዳለብሽ ደብተሩ ይነግርሻል። ያን ጊዜ የምትገዢው ለአንቺ ያማረሽን ሳይሆን አስቀድሞ የተጠየቀውን ነው። በዚህ ነገር ላይ ደጋግሜ የማጠብቀው ወጣቶች ያላቸውን ገንዘብ በሙሉ ማንም ባልጠየቀው ዕቃ ላይ ሲያፈሱ ማየት ስለሚያመኝ ነው።

ግቢ ውስጥ ትልቁ ፈተናሽ ዱቤ ነው። ጓደኛሽ "ሰኞ እሰጥሻለሁ" ትልሻለች፤ ሰኞ ሌላ ወጪ ይመጣባታል፤ አንቺ መጠየቅ ታፍሪያለሽ፣ እሷም አንቺን መሸሽ ትጀምራለች። ብሩም ጓደኝነቱም አብሮ ይሄዳል። በሰው ዕቃ መጀመርሽ እዚህም ላይ ያግዝሻል፤ "ዕቃው የእኔ አይደለም፣ ክፍያው በቀጥታ ለነጋዴው ነው" ማለት ትችያለሽ፣ እውነትም ነው። በትዕዛዝ የሚመጣ ከሆነ ገዢዋ ግማሹን ቀብድ ለነጋዴው አስቀድማ ትክፈል። ቀብድ የከፈለች ገዢ ሐሳቧን በቀላሉ አትቀይርም። ለዘመድ ስጦታ መስጠት ስትፈልጊ ደግሞ ከራስሽ ኮሚሽን ላይ ስጪ፣ ከዕቃው ላይ ግን አትንኪ።

በደብዳቤሽ ውስጥ ድሬ ላይ ነፃ የንግድ ቀጠና ስለተከፈተ ዕቃ በርካሽ አገኛለሁ ብለሻል። ቀጠናው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ እውነት ነው፤ ከተማውንም ይጠቅማል። ግን ለችርቻሮ ገዢ የተዘጋጀ ገበያ አይደለም፤ ከቀጠናው ወጥቶ አገር ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ ቀረጥና ታክሱ ይከፈልበታል። ዋጋው ከሌላው ሁሉ እጅግ ወርዶ "ደረሰኝ የለውም" የሚባል ዕቃ ሲቀርብልሽ ደግሞ ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትሽም። እንዳትነኪው። ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ከተያዘ ይወረሳል፤ የጀማሪ ካፒታል ደግሞ አንዴ ከተወረሰ አይተካም። ለዕረፍት ወደ አገራቸው ለሚሄዱ ተማሪዎች ለንግድ የሚሆን ዕቃ አሸክሞ መላክም እንዲሁ ነው፤ አዋሽ ኬላ ላይ የምትቸገረው ያቺ ምስኪን ተማሪ ናት።

የገበያውን ወቅት ቀድመሽ አስቢ። ድሬ ላይ ልብስ የሚሸጠው በሁለቱ ኢዶች፣ በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በምርቃት ሰሞን ነው። ኢድ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል፤ ያምና ቀን አያታልልሽ። ረመዳን ሲገባ የኢድ ልብስ ፎቶው ቻናሉ ላይ መውጣት አለበት፤ በጾሙ ወር ገበያው የሚደምቀው ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ስለሆነ የምትለጥፊበትንም ሰዓት በዚያው ልክ ቀይሪ።

የራስሽን ዕቃ ገዝተሽ መሸጥ ስትጀምሪ ግን ንግድ ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ነፃ አይሆንም። ቲን ነምበር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ታወጫለሽ፣ የአድራሻ ማረጋገጫ ታቀርቢያለሽ፣ ትመዘገቢያለሽ። በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ፈቃዱን ታሳድሻለሽ። ብዙ ሰው የማይነግርሽ ነገር ቢኖር ፈቃድ አውጥቶ መተው ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ነው። ሥራውን ብታቆሚ ፈቃዱን በወጉ መልሺ፤ ካልመለስሽ በመዝገብ ላይ ነጋዴ ሆነሽ ስለምትቆዪ ግብርና ቅጣት ይጠራቀምብሻል። ከተመረቅሽ በኋላ ሌላ ከተማ ሥራ ብታገኚ እንኳ ይከተልሻል።

ስለ ብድሩ አጭር መልስ አለኝ። አሁን አይሆንም። ማይክሮ ፋይናንስ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ቁጠባና ዋስ ይጠይቃል፤ ዕቃው ተሸጠም አልተሸጠም ክፍያው ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ዕቃው ሳይደርስ የሚጠይቁሽ ገዢዎች ሲኖሩ ያን ጊዜ ብድር ይጠቅምሻል። ዕቁብም ቢሆን ከራስሽ ኮሚሽን ላይ እንጂ ከዕቃ ብር ላይ አትግቢ። አክስትሽን ደግሞ ዛሬውኑ ደውለሽ "ብሩ ስጦታ ነው ወይስ ተመላሽ?" ብለሽ ጠይቂያቸው። ማፈር አያስፈልግም፤ እሳቸውም በሰው አገር ለፍተው ያገኙት ገንዘብ ነው፣ ቁርጡን ማወቅ ለሁለታችሁም ይሻላል።

ጁስ ቤቱን ለጓደኛሽ ተዪላት። በድሬ ሙቀት ጁስ ገዢ አያጣም፤ ግን ፍሪጅና መፍጫ፣ የጤና ፈቃድ፣ ንጹሕ ውሃ፣ መብራት ሲጠፋ የሚበላሽ ፍራፍሬ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ለተማሪ ይከብዳል። እሷ ካንቺ ጋር መሥራት ከፈለገች ቻናሉን እንድትይዝ አድርጊ፤ ድርሻዋንም ከመጀመሪያው በጽሑፍ አስቀምጡ።

እናትሽን በክርክር ለማሸነፍ አትሞክሪ፤ ፍርሃታቸው ትክክል ነው። የክፍል ፕሮግራምሽን አውጪና ዕቃ የምታመጪባቸውን ሁለት ከሰዓቶች አስምረሽ አሳዪያቸው፤ ሌላ ቀን ከተማ አትወጪም። ውጤትሽ ከወረደ በቀጣዩ ሴሚስተር እንደምታቆሚ ቃል ግቢላቸው፣ ቃልሽንም ጠብቂ። ሚድና ፋይናል ሁለት ሳምንት ሲቀረው "እስከ እዚህ ቀን ትዕዛዝ አንቀበልም" ብለሽ ለጥፊ። ገዢዎችሽም ተማሪዎች ስለሆኑ አይቀየሙሽም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከደብተሩ ላይ የተሸጠውንና ተጠይቆ ያልተገኘውን ደምረሽ ጻፊልኝ፤ ሱቅ ያስፈልግሽ እንደሆነና እንዳልሆነ ቁጥሩን ይዘን እንነጋገራለን።