መኪና እወዳለሁ፤ ምን ሠርቼ ልኑር?

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅ ነህ፣ 12ኛ ክፍልን ጨርሰሃል፣ ቤትህ አዘዞ ነው። መኪና ካየህ መንገድህ ይጠፋሃል። አባትህ ደግሞ «ጋራዥ ገብተህ ዘይት ለዘይት ልትውል ነው?» ይሉሃል። «እናንተ ጎንደር ያላችሁ መኪና ወዳዶች ምን ሠርታችሁ ነው የምትኖሩት?» ነው ያልከው። ብዙዎቹ «የምትወደውን ሥራ» ብለውህ አልፈዋል። እኔ ግን የደረሰብኝን ልንገርህ፤ ትንሽ ይረዝማል።

እኔ የምኖረው በወፍጮ ነው። አትሳቅ። የገጠር ወፍጮ ቤት ሞተር፣ የደንቢያና የፎገራ ገበሬ የውሃ ፓምፕ፣ የከተማ ሆቴል ጀነሬተር እጠግናለሁ። መኪናዬ አሮጌ ቮልስ ናት። አንድ ብር አምጥታልኝ አታውቅም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስኪመሽ ድረስ እሷ ሥር ነኝ። ሚስቴ «ሁለተኛዋ» ትላታለች።

የጀመርኩት ግን እንዳንተው ነው። አውቶ ፓርኮ አካባቢ አንድ ጋራዥ ተለማማጅ ሆኜ ገባሁ። የሰፈሩ ስም ራሱ ጣሊያንኛ መሆኑን ያኔ ማን ነግሮኝ! ጣሊያን ጎንደር የገባው በ1928 መጋቢት በከባድ መኪና ተጭኖ ነው። የወጣው ደግሞ አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ከወራት በኋላ፣ በ1934 ኅዳር ነው። ፒያሳን ትቶልን ሄደ፤ የጋራዡንም ቋንቋ ትቶልን ሄደ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ ኩሽኔታ (የሚሽከረከር ዕቃ የሚያርፍበት የብረት ቀለበት)፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርቴ በአብዛኛው ይኸው ነበር፤ ስም ማወቅና ዕቃ በናፍታ ማጠብ። ደሞዝ የለም። ምሳና የታክሲ ብቻ። አንተም ከገባህ ይህን ቁጠረው፤ አንድ ሁለት ዓመት ቤተሰብ ካልደገፈህ አትዘልቅም።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው ጉዱ የመጣው። ከመተማ የሚመላለስ አንድ ሚኒባስ ሽቅቡ ላይ እየፈላ አስቸገረ። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ከዚያ ቆላ ተነስተህ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ትወጣለህ። ዋናው መካኒክ ለቅሶ ሄዶ አልነበረም። እኔ ደግሞ አዋቂ ልባል ፈለግሁ። «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል» አልኩና ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክዳን ማለቴ ነው፣ አወረድኩት። ጓርኒሲዮን በእሱና በሞተሩ መካከል ገብቶ ውሃና ጋዝ እንዳያፈስ የሚይዘው ስስ ዕቃ ነው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጓርኒሲዮኑ ምንም አልሆነም ነበር። እንዳለ መልሼ ገጠምኩት፤ አንዴ የተጨመቀ ጓርኒሲዮን እንደማይመለስ አላውቅም። አሁን በእርግጥ ማፍሰስ ጀመረ!

አለቃዬ ሲመለስ ምንም አልተናገረም። የራዲያተሩን ክዳን አነሳና ጎማውን በጥፍሩ ጫር አደረገው። ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው ቶሎ ይፈላል። ጎንደር ከፍታ ላይ ደግሞ ክፍት ውሃ 100 ዲግሪን አይጠብቅም፣ 93 ገደማ ላይ ይንተከተካል። በሽታው ያቺ ትንሽ ክዳን ነበረች። አዲስ ጓርኒሲዮን ከኪሴ ገዛሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብሎን ከመፍታቴ በፊት ቆሜ አያለሁ። ይህ ትምህርት ወፍጮውም ላይ፣ ፓምፑም ላይ፣ ሁሉም ቦታ እስከዛሬ እየከፈለኝ ነው።

መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ደግሞ የቱሪስት ሹፌር ሆንኩ። ላንድክሩዘር! ወደ ሰሜን ተራራ፤ ደባርቅ፣ ሳንቃበር፣ ጨነቅ። በሕይወቴ ደስ ያለኝ ሥራ እሱ ነው። ግን መኪናው የሌላ ሰው ነው፣ ገበያው ደግሞ የዓለም ነው። 2012 ላይ ኮሮና መጣ፣ 2013 ላይ ጦርነቱ። አንድም ፈረንጅ የለም። ቤት ተቀመጥኩ። ዕቃ ሸጥኩ። ተበደርኩ።

ያኔ ነው ቆላ ድባ ያለ ዘመዴ ደውሎ «ወፍጮው ቆመ፣ አንተ መኪና ታውቅ የለም?» ያለኝ። ሄድኩ። ባለ አንድ ፒስተን የናፍታ ሞተር ነው። ፒስተን፣ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት)፣ ባልቦላ (አየርና ጭስ የሚያስገባና የሚያስወጣው)፤ ሁሉም የማውቀው ዕቃ። ፋሻው አልቆ ነበር። ቀየርኩት። ሲነሳ እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች እልል አሉ። ጋራዥ ውስጥ እልል ያለልኝ ሰው የለም።

እና ገንዘቡ? እዚያው ተከፈለኝ። ይህን ልብ በል። የግል መኪና ያለው ሰው «ነገ እሰጥሃለሁ» ይላል፤ መኪናው ቢቆም በባጃጅ ይሄዳል። ወፍጮው የቆመበት፣ ወይም ሽንኩርቱ ውሃ እየጠበቀ ፓምፑ የሞተበት ሰው ግን አንዲት ቀን አይታገስም። ማሽኑ እንጀራው ነው። ባለ ባጃጅም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሙያውን ስትመርጥ ማሽኑን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም እይ።

እሁድ እሁድ ከምንገናኘው መኪና ወዳዶች ውስጥ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው አንድ ብቻ ነው። እሱም እሁድ መኪና ማየት ስለማይፈልግ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። አንዱ ነርስ ነው። አንዱ ባንክ ይሠራል፤ ዲኤክስ መኪናውን እንደ ልጁ ያጥባታል። አንዱ የመኪና ወንበር ይሰፋል፣ ገቢው ከሁላችንም ይሻላል መሰለኝ። መንጃ ፈቃድ የሚያስተምርም አለን። ደላላም ነበረን። ድለላ ገንዘብ አለው፤ ግን የተጋጨ መኪና «አልተነካም» እያልክ መዋል አለብህ፣ ወይም እንዲህ የሚል ደላላ ገበያህን ይወስድብሃል። እኔ አልችለውም።

ቆርጠህ ጋራዥ ልግባ ካልክ ግን ኤሌክትሪኩን ያዝ። ከ2016 ጀምሮ በቤንዚንና በናፍታ የሚሄድ የግል መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ይህ ማለት መካኒክ ሥራ ፈታ ማለት አይደለም። እንዲያውም አዲስ ካልገባ ያለው አሮጌ ይጠገናል፣ ደግሞ ይጠገናል። ለአሥር ዓመት ሥራ አለ ባይ ነኝ። የኤሌክትሪክ መኪና ዘይትና ካንዴላ ባይኖረውም ፍሬን አለው፣ የመንገዱን ንዝረት የሚውጥ አሞርዛተር አለው፣ ኩሽኔታ አለው። የእኛ ኮብልስቶን ደግሞ ለማንም አያዝንም። ሽቦ የሚከተል፣ በኮምፒዩተር የሚመረምር ልጅ ግን ለሁለቱም ዓይነት ይፈለጋል። ቴክኒክና ሙያ ግባ፣ ከሰዓት ጋራዥ ዋል። የብሎን ቁልፍ ከመግዛትህ በፊት የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ መልቲሜትር፣ ግዛ።

አባትህን በክርክር አታሸንፋቸውም። እኔም አባቴን አላሸነፍኩም። ዝም ያሉት የጎረቤታቸውን ወፍጮ ሳስነሳ ነው። ቤታችሁ የተበላሸ ጀነሬተር ወይም ፓምፕ ካለ ከእሱ ጀምር። ከሌለ ደግሞ ክረምቱን አንድ ጋራዥ ዕቃ እያጠብክ አሳልፍና መስከረም ላይ አሁንም መኪና ካየህ መንገድ የሚጠፋህ መሆኑን ጻፍልኝ።

እኔ ልነሳ። የቮልሷ ሞተሪኖ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ከጠዋት ጀምሮ እያቃሰተ ነው፤ ባትሪው ይሁን ገመዱ ገና አልለየሁም። ብሎን አልፈታሁም ታዲያ።