መልስ፦ የአካባቢ ልማት ባለሥልጣን ሐሳብ ከየት መጣ?
ወንድሜ፣ «አንድን አካባቢ ለማልማት ብቻ መሥሪያ ቤት ማቋቋም ማን ጀመረው?» ላልከው፣ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የአሜሪካውን የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የማቋቋሚያ ሕጉን የፈረሙት በግንቦት 1933 እ.ኤ.አ. ነው።

ጉዱ ግን ከዚያ ይቀድማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት አላባማ ውስጥ፣ በቴነሲ ወንዝ ዳር ባለችው መስል ሾልስ ላይ፣ ለፈንጂ የሚሆን ናይትሬት ማምረቻና ግድብ ጀመረ። ጦርነቱ አለቀና ፋብሪካው ሥራ ፈታ። ሄንሪ ፎርድ ልግዛው አለ። የነብራስካው ሴናተር ጆርጅ ኖሪስ ግን የሕዝብ ሀብት አይሸጥም ብለው ድርቅ አሉ። መንግሥት ራሱ ያንቀሳቅሰው ብለው ያቀረቡትን ሕግ ፕሬዚዳንት ኩሊጅም፣ ከሳቸው በኋላ የመጡት ፕሬዚዳንት ሁቨርም አላጸድቅም አሏቸው። ኖሪስ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ በኋላ ሩዝቬልት የፈረሙት ሕግ የዚሁ ትግል ፍሬ ነው።

አዲሱ ነገር ምን መሰለህ? ሸለቆው ሰባት ግዛት ይነካል። ጎርፉ፣ መብራቱ፣ ማዳበሪያው፣ የተሸረሸረው መሬት ሁሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ታቀደ። ብዙዎች የሚዘሉት ግን ይሄን ነው፤ ባለሥልጣኑ በሴናተሩ ስም ለሠራው የኖሪስ ግድብ ሲባል በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተነሥተዋል፣ መቃብር ሳይቀር ተዛውሯል።

እኛም ጋ በ1962 እ.ኤ.አ. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ሲቋቋም ሐሳቡ የዚያው ዘመድ ነበር። እዚህ ደግሞ የአፋር አርብቶ አደር የግጦሽ መሬት ለጥጥ እርሻ ሄደ።